ምልክት ከታየ በኋላ፤ ስለ ተፈጥሮና ሰው ሠራሽ አደጋዎች ቅድመ ዝግጅት

(በኮልፌ ቀራኒዮ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለዕርዳታ ድርጅቶች ሠራተኞች የተደረገ ንግግር)



ስለ አደጋ ሲነሣ በብዙዎች ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ሩቅ ቦታ ነው። ዝናብ የከዳው የወሎ ቆላ፣ ሣር የጠፋበት የኦጋዴን ሜዳ፣ ውሃ ያጥለቀለቀው የኦሞ ዳርቻ ይታወሳል። ዋናው ከተማ ግን ዕርዳታ የሚሰበሰብበትና የሚላክበት ስፍራ እንጂ ራሱ አደጋ የሚደርስበት ሆኖ አይታሰብም። ይህ አስተሳሰብ ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ከኮልፌ ቀራኒዮ መራቅ አያስፈልግም።

ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት በክፍለ ከተማው በረጲ አካባቢ የሚገኘውና ሕዝቡ «ቆሼ» እያለ የሚጠራው የቆሻሻ ክምር አንዱ ጎኑ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን መኖሪያ ቤቶች ቀበረ። ጊዜው ምሽት ስለነበረ ብዙ ቤተሰብ በየቤቱ ተሰብስቦ ነበር። የሟቾቹ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን በአሥሮች ብቻ የሚቆጠር ቢሆንም፣ በቀጣዮቹ ቀናት አስከሬን በወጣ መጠን እያደገ ሄዶ ከ110 በላይ ደረሰ። ከሟቾቹ የሚበዙት ሴቶች ነበሩ፤ ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ3 ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀ።

የድርቅና የሠፈራ ጉዳይ ተከታታዮች የከተማ ቆሻሻ መናድ ምን ያገናኘናል ይሉ ይሆናል። ይሁን እንጂ በቆሼ የደረሰው ነገር በጥልቀት ሲመረመር፣ ከዝናብ መጥፋት አንሥቶ እስከ ጎርፍና ናዳ ድረስ በአገሪቱ የደረሱት ታላላቅ አደጋዎች የሚጋሩትን አንድ ባሕርይ በግልጽ ያሳያል። ይኸውም አደጋው ከመድረሱ በፊት ምልክቱ መታየቱና፣ ምልክቱን ያየው ሰውና ውሳኔ የመስጠት ሥልጣን ያለው ሰው ሳይገናኙ መቅረታቸው ነው።

የተፈጥሮና የሰው ድርሻ

በተለመደው አከፋፈል አደጋዎች በሁለት ይመደባሉ። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ፣ የአንበጣ መንጋና ወረርሽኝ የተፈጥሮ ሲባሉ፣ ጦርነት፣ ቃጠሎ፣ የሕንፃና የግድብ መደርመስ፣ የኢንዱስትሪና የመጓጓዣ አደጋ ደግሞ ሰው ሠራሽ ይባላሉ። ይህ አከፋፈል ለመዝገብና ለበጀት ይጠቅማል። ለመከላከል ሥራ ግን ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱም ተፈጥሮ የምታመጣው ክስተቱን ነው፤ ክስተቱ ስንት ሰው እንደሚገድል የሚወስነው በአብዛኛው የሰው ሥራ ነው።

የቆሼን ጉዳይ ብንመለከት ክምሩ ከ50 ዓመታት በላይ የከተማው ቆሻሻ ሲጣልበት የኖረ፣ ከ30 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ስፍራ ነው። ቆሻሻ እንደ አፈር ተጠቅጥቆ ካልተደለደለ በመካከሉ ባዶ ቦታ ይቀራል። የሚበሰብሰው ክፍል ሙቀትና የሚቀጣጠል ጋዝ ይፈጥራል፤ ከራሱ የሚወጣው ፍሳሽና የዝናቡ ውሃ መውጫ ሲያጣ በውስጡ ይጠራቀማል። በላዩ አዲስ ጭነት ሲደፋ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ገደል ሲሆን፣ ሥሩም ሲቆፈር፣ ክምሩን አያይዞ ያቆመው ኃይል እየደከመ ይሄዳል። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ስለ መንስኤው የተለያየ ሐሳብ ተሰጥቷል። ከፊሎቹ ክምሩን እየፈለፈሉ የሚለቅሙት ሰዎች አዳክመውታል ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ በላዩ ይሠሩ የነበሩት ከባድ መኪናዎች ገፍተውታል ብለዋል። ከሁለቱም የትኛው ቢሆን ዘመናትን የፈጀ ክምር በአንድ ቀን ሥራ ብቻ አልተናደም። የአካባቢው ነዋሪዎችም ቀደም ሲል አነስተኛ መናድ ደርሶ እንደነበረ ተናግረዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ በየቀኑ የሚታይ አደጋ ከመለመዱ የተነሣ አደጋ መሆኑ ይረሳል።

ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ሰው ለምን እዚያ ይኖር ነበር የሚለው ነው። መልሱ እንጀራ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ከክምሩ ብረት፣ ላስቲክ፣ ጠርሙስና ሌላም የሚሸጥ ዕቃ እየለቀሙ ይተዳደሩ ነበር። ሌሎች ደግሞ በከተማው ሌላ ክፍል ለመከራየት አቅም ስለሌላቸው ርካሽ ቤት ፍለጋ የመጡ ናቸው። መሬት የጠበበበት ወይም ዝናብ የከዳው ገበሬ ወደ ከተማ ሲፈልስ የሚያርፈው ሌላው ሰው በማይፈልገው ስፍራ ነው፤ በወንዝ ዳር፣ በገደል አፋፍ፣ በቆሻሻ ሥር። በገጠር በጊዜው ያልተገታ ችግር በከተማ ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ይነሣል። የዕርዳታ ሠራተኛ የገጠሩንና የከተማውን አደጋ በሁለት መዝገብ ለያይቶ ቢይዝም የሚጎዳው ሕዝብ ግን አንድ ነው።

ማስጠንቀቂያና ውሳኔ

የአገሪቱ የረሀብ ታሪክ ይህንኑ ያስተምራል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በደረሰው «ክፉ ቀን» መጀመሪያ የመጣው የከብት በሽታ ነበር። በሬ በማለቁ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ድርቅና ተባይም ተደረበበት። በዚያ ዘመን በሽታውን የሚገታ መድኃኒትም ሆነ እህል በፍጥነት የሚያጓጉዝ መንገድ አልነበረም።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎና በትግራይ የደረሰው ግን ከዚህ ይለያል። መንገድ ነበረ፤ በሌላው የአገሪቱ ክፍልም እህል ነበረ። የጎደለው የመግለጽ ፈቃደኝነት ነው። የመንግሥቱ ክብር እንዳይነካ ተብሎ ረሀቡ ተሸሸገ፤ ዓለም ያወቀው በ1966 ዓ.ም. መጀመሪያ የውጭ አገር ቴሌቪዥን ፊልም ካሳየ በኋላ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። በዚያው ዓመት የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የዝናብን፣ የሰብልን፣ የከብትንና የገበያ ዋጋን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥራ ተጀመረ።

ማስጠንቀቂያ መኖሩ ብቻ አለመብቃቱ ግን ብዙ ሳይቆይ ታየ። በመጋቢት 1976 ዓ.ም. ኮሚሽኑ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጡን ገልጾ ለጋሽ አገሮችን 450,000 ቶን እህል ጠየቀ። የተገኘው ምላሽ አነስተኛ ነበር። በአገር ውስጥም መንግሥት በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ለማክበር ይዘጋጅ ስለነበረ ጉዳዩ ተገቢውን ስፍራ ሳያገኝ ከረመ። በጥቅምት ወር የኮረም መጠለያ ሁኔታ በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ዕርዳታው ጎረፈ። ከማስጠንቀቂያው እስከ ዕርዳታው 7 ወራት አለፉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ከዚያ ወዲህ መሻሻል መኖሩን መካድ አይገባም። በ1986 ዓ.ም. የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ፖሊሲ ወጣ፤ ኮሚሽኑም በ1987 ዓ.ም. በዚሁ መንፈስ እንደገና ተቋቋመ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ዘወትር የምግብ እጥረት ያለበት ቤተሰብ በሬውንና ማረሻውን ሳይሸጥ የችግሩን ወራት እንዲያልፍ ረድቷል። በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኖ ምክንያት 10.2 ሚሊዮን ሕዝብ ዕርዳታ በፈለገ ጊዜ ችግሩ ከባድ ቢሆንም እንደ 1977ቱ ያለ የጅምላ እልቂት አልደረሰም። ችግሩ ቀደም ብሎ ስለተገለጸና እህል የሚታደልበት ሥርዓት ስለነበረ ነው።

ይህ ልምድ ግን በቀስታ ለሚመጣው ለድርቅ እንጂ በሰዓታት ውስጥ ለሚደርሱት አደጋዎች በበቂ አልተሠራበትም። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ድሬዳዋ በተኛችበት ሌሊት የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን ገደለ። ዝናቡ የጣለው በደጋው ነበር፤ የወንዙ መውረጃ ግን በአብዛኛው የዓመቱ ክፍል ደረቅ በመሆኑ ሰው ቤት ሠርቶበት፣ ገበያ ቆሞበት ነበር። ከደጋው ወደ ከተማው የሚደርስ አንድ የስልክ መልእክት ብዙ ነፍስ ባዳነ ነበር።

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በከንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ከባድ ዝናብ ተከትሎ ናዳ ወረደ። ጎረቤት በባህሉ መሠረት የተቀበሩትን ለማውጣት ተሯሯጠ። በቁፋሮው ላይ ሳሉ ሁለተኛው ናዳ ወርዶ አዳኞቹን ቀበረ። የሟቾቹ ቁጥር ከ200 በላይ ሆነ። እዚህ ላይ ሕዝቡ ርኅራኄና ቅልጥፍና አልጎደለውም። የጎደለው ከተናደ ቁልቁለት ሥር ከመግባት በፊት ከላይ የሚመለከት ጠባቂ ማቆም፣ በጥቂት በጥቂቱ ሰው እየተፈራረቀ መቆፈር፣ ምልክት ሲሰጥ መሸሽ የሚለው ዕውቀት ነው። ይህ ዕውቀት ለማስተማር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም።

የሠፈራ ጉዳይ

ሰውን ከአደጋ ስፍራ ማንሣት ተገቢ መሆኑ አያከራክርም። አከራካሪው መቼና እንዴት የሚለው ነው። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በመተከል፣ በወለጋ፣ በኢሉባቦር፣ በከፋና በጋምቤላ እንዲሠፍር ተደረገ። ሐሳቡ የተራቆተውን ደጋ ማሳረፍና ለም መሬት ማልማት ነበር። አፈጻጸሙ ግን በጥድፊያና በብዙ ስፍራ በግዳጅ የተካሄደ ነው። የደጋው ሰው ወባና ቆላ በሽታ በማያውቀው ሰውነቱ ላይ ወረደበት፤ ቤተሰብ ከቤተሰብ ተለያየ፤ ቀድሞ በስፍራው የሚኖረው ሕዝብም አልተጠየቀም። ብዙዎች በዚያ ሞቱ፤ ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሌሎች ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ።

በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ከዚህ ትምህርት ለመውሰድ ሞክሯል። በፈቃደኝነት እንዲሆን፣ ሰፋሪው ከክልሉ እንዳይወጣ፣ ሳይስማማው ቢቀር የሚመለስበት እንዲኖረው በቀድሞ መሬቱ ላይ ያለው የመጠቀም መብት ለ3 ዓመት እንዲጠበቅለት ተደነገገ። በየስፍራው አፈጻጸሙ አንድ ዓይነት ባይሆንም፣ መመለሻ ያለው ሰው በልበ ሙሉነት እንደሚሄድ የተገነዘበ መመሪያ ነው።

ይህ ሁሉ ለከተማም ይሠራል። ከቆሻሻ ክምር ሥር የሚኖረውን ሰው ከከተማው ዳር ወስዶ ቤት ቢሰጡትና የዕለት ገቢውን የሚያገኝበት ነገር ከሌለ ወይ ቤቱን አከራይቶ ይመለሳል፣ ወይ በሌላ አደገኛ ስፍራ ይጠጋል። ቤት መስጠት የግማሽ ሥራ ነው፤ ሌላው ግማሽ ገቢው፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትና ጎረቤቱ ነው።

አደጋን ከአንድ ሕዝብ አንሥቶ በሌላው ላይ ማሳረፍም መፍትሔ ሊሆን አይችልም። ለአዲስ አበባ ቆሻሻ በሰንዳፋ አካባቢ አዲስ ስፍራ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀምሮ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ውሃችንና ከብታችን ተጎዳ ብለው በመቃወማቸው ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራው ቆመ፤ ቆሻሻውም ወደ ቆሼ ተመለሰ። ክምሩ የተናደው ከዚያ ወዲህ ዓመት ሳይሞላ ነው። በሰንዳፋ ገበሬ ቅር መሰኘትና በረጲ ነዋሪ ሞት መካከል ያለው መንገድ አጭር ነበር። ገበሬው አስቀድሞ ተማክሮና ተገቢው ጥበቃ ተደርጎለት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሁለቱም ወገን በዳነ ነበር።

ሊሠሩ የሚገባቸው ነገሮች

ከላይ ከተገለጸው ተነሥቶ በእያንዳንዱ ወረዳ ሊፈጸሙ የሚችሉ ተግባሮች አሉ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንዲሉ፣ ከእነዚህ አብዛኞቹ በእጅ ባለ አቅም የሚጀመሩ ናቸው።

1ኛ/ የአደጋ መዝገብ ማዘጋጀት። በወረዳው ውስጥ የትኛው ቁልቁለት፣ የትኛው የወንዝ ዳር፣ የትኛው ግንብ፣ የትኛው የእንጨትና የነዳጅ ማከማቻ እንደሚያሰጋ፣ በአጠገቡም ስንት ቤተሰብ እንደሚኖር ተመዝግቦ በየዓመቱ ከክረምት በፊት መታደስ ይገባዋል። እንደ አጠና ተራ ያለ እንጨት የሚከማችበት ሠፈር የእሳት መኪና መግቢያው አስቀድሞ መታየት አለበት። የቤት ካርታ የሌላቸውና ተከራዮችም በመዝገቡ መግባት ይኖርባቸዋል። በስም ያልተመዘገበ ሰው ሲጠፋ ፈላጊ የለውም።

2ኛ/ ለእያንዳንዱ ምልክት ወሳኝ ሰው መመደብ። በክምር ወይም በቁልቁለት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየ፣ ዛፍ ወይም ምሰሶ ካዘነበለ፣ ከሥሩ የደፈረሰ ውሃ ከመነጨ፣ ነዋሪውን ለማን እንደሚያስታውቅ፣ የተነገረውም ሰው በስንት ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ሪፖርት ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲተላለፍ ተራራው አይጠብቅም። ሰውን ለአንድ ሌሊት ከቤቱ አስወጥቶ ሳይናድ ቢያድር የወሰነው ሠራተኛ እንዳይወቀስ ሕጉ ሊከላከልለት ይገባል። የሐሰት ማስጠንቀቂያ የሚያስከትለው ሐፍረት ከቀብር ይሻላል።

3ኛ/ የመሸሻ ስፍራ ማዘጋጀት። የትኛው ትምህርት ቤት ወይም አዳራሽ እንደሚከፈት፣ ቁልፉ በማን እጅ እንደሆነ፣ ብርድ ልብስና ውሃ ከየት እንደሚመጣ አስቀድሞ መታወቅ አለበት።

4ኛ/ የአደጋውን ምንጭ ማዳከም። የቆሻሻ ክምር ጎኑን ማለዘብ፣ ጋዙንና ፍሳሹን በቧንቧ ማውጣት የሚቻል ነው። በጃፓን የተፈለሰፈውና ፉኩኦካ ተብሎ የሚጠራው ዘዴ ለዚህ የሚያገለግል ሲሆን፣ ከ2009ኙ አደጋ በኋላ በቆሼም ተሞክሯል። በገጠር ደግሞ እርከንና ደን ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ።

5ኛ/ የመጀመሪያውን ሰዓት ማሠልጠን። ጥሪው ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ መሥሪያ ቤት በ939 እስኪደርስና መኪናው እስኪመጣ ድረስ የሚያድነው ጎረቤት ነው። በጎፋ የደረሰው እንዳይደገም እያንዳንዱ ሠፈር ጥቂት የሠለጠኑ ሰዎች ሊኖሩት ይገባል።

6ኛ/ እውነቱን በጊዜው መግለጽ። የማስታወቂያ ሥራ አደጋው ከደረሰ በኋላ መጽናኛ ለማቅረብ ብቻ ከሆነ ዓላማውን ስቷል። ሕዝቡ ስለሚኖርበት ስፍራ ሁኔታ የማወቅ መብት አለው፤ የተነገረው ሕዝብም ራሱን ለማዳን የመጀመሪያው ሰው ነው።

ክቡራንና ክቡራት፤

ለዚህ ሥራ የሚሆን ድርጅት በየሠፈሩ አስቀድሞ መኖሩን ማስታወስ ይገባል፤ ይኸውም እድር ነው። እድር የአባላቱን ስምና ቤት ያውቃል። ድንኳን አለው፤ ገንዘብ አለው፤ ሰው ሲጠራ ይመጣል። ጥሩምባ ነፊውም በንጋት በየመንደሩ እየዞረ ቃሉን ከቤት ቤት ያደርሳል። ማንኛውም መሥሪያ ቤት በብዙ ወጪ ሊያቋቁመው የሚመኘው የመገናኛ መረብ ይህ ነው። ችግሩ ጥሩምባው እስካሁን በአብዛኛው የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው።

በወረዳ ጽሕፈት ቤትና በእድር መካከል፣ ስንጥቁን ባየችው እናትና ውሳኔ በሚሰጠው ባለሥልጣን መካከል ያለው ርቀት እንዲያጥር ማድረግ የዚህ ስብሰባ ተካፋዮች ሥልጣንና ግዴታ ነው። በመጪው ክረምት ዝናቡ እንደ ልማዱ ይመጣል፤ ቁልቁለቱም በስፍራው ይኖራል። ያ ጥሩምባ ለቀብር ከመነፋቱ በፊት አንድ ሌሊት ቀደም ብሎ «ውጡ» ብሎ የሚነፋበት ሥርዓት ከተዘረጋ፣ በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ያለቁት ወገኖች ሞት ሌሎችን ለማዳን አገልግሏል ለማለት ይቻላል።